ባለቤቱ የሌለ ዕቃ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

የዘንድሮው ወቅት ንድፎች ደረሱ። ስድስት ሥራ። የአዳራሹ ኃላፊ (ሁላችንም «ሽማግሌው» ነው የምንለው) ወረቀቶቹን መሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋቸውና «እንግዲህ እንደ ፍጥርጥርህ» ብሎኝ ሄደ።

አንደኛው ቲያትር ነው። ተመልካቹ መድረኩ ላይ ይቀመጣል፣ ተዋንያኑ የተመልካቹ ወንበር ላይ። ስለዚህ መድረኩን ከሥር መደገፍ አለብኝ። ሰማንያ ሰው ተቀምጦበት አያውቅም። ሁለተኛው… አንዲት ልጅ በላስቲክ ተጠቅልላ ትደንሳለች። ለሷ የምሠራው የለም፣ ተመስገን። ሦስተኛው ሠዓሊ ነው። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ላይ ይስላል፣ ሲጨርስ ነጭ ይቀባዋል፣ በነጋታው እንደገና ይጀምራል።

«መጨረሻ ላይ ምን ይታያል?» አልኩት ሽማግሌውን።

«ነጭ ግድግዳ።»

«አሁንም እኮ ነጭ ነው።»

ሳቀ። ሲስቅ ያስለዋል።

አልፈርድም። አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ አናጢ ሆኜ ግማሹ ሥራ አልገባኝም። የኔ ድርሻ የሚቆመው እንዲቆም፣ ሰው የሚወጣበት እንዳይሰበር ማድረግ ነው። ሌላውን የሚያውቁት ያውቁታል።

ስድስተኛው ክፍል ነው። አራት ግድግዳ፣ አንድ በር፣ መስኮት የለውም። ቀላል።

ይህን ደብተር ለልኬት ነበር የገዛሁት። ግማሹ ቁጥር ነው። ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ እዚሁ የመጋዝ ብናኝ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ለምን? እንጃ። ቤት የሚያወራኝ ስለሌለ ይሆናል… የለም፣ ሚስቴ አለች። እኔም አለሁ። ወሬው ነው የሌለው።

«እንዴት ዋልክ?» «ደህና።» በዚህ ያልቃል።

የትንሿ ክፍል በር እንደተዘጋ ነው። ሦስት ዓመቱ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

የስድስተኛው ሥራ ባለቤት መጣች። ከሌላ ከተማ ናት። ቀጭን፣ የፊቷን ግማሽ የሚሸፍን መነጽር አድርጋለች። በሆዴ «መነጽሯ» አልኳት፣ ለትኬት ቆራጯ ነገርኳት፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሕንፃው በሙሉ «መነጽሯ» ይላታል። አፌን አልሰበስብም እኔ።

ሰፈሩ ውስጥ ማስታወቂያ ለጥፋለች። «ባለቤቱ የሌለ ዕቃ ቤታችሁ ካለ አምጡልን። የሞተ ሰው፣ የሄደ ሰው፣ የጠፋ ሰው ዕቃ። አጠገቡ ተቀምጣችሁ ለጠየቃችሁ ሰው ስለ ባለቤቱ ትናገራላችሁ።»

ትኬት ቆራጯ አነበበችና «ባለቤት የሌለው ዕቃ? ምን ትለፋላችሁ፣ እኔ አለሁላችሁ! ባለቤቴ ጥሎኝ ከሄደ ስድስት ዓመቱ» አለች። ሁላችንም ሳቅን። እሷም ሳቀች። ከሁላችንም ቀድማ ዝም አለች።

መነጽሯን ጠየቅኳት። «ተመልካቹ ካልጠየቀስ?»

«ዝም ብለው ይቀመጣሉ።»

«ከጠየቀስ?»

«ይመልሳሉ። ሌላ ሕግ የለም። የተጠየቁትን መመለስ ብቻ።»

ሌላ ሕግ የለም አለች። እንደ ቀላል ነገር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

ሦስቱ ግድግዳ ቆመ። ኮምፔንሳቶው ቀጭን ነው፣ በጣት ሲንኳኳ እንደ ከበሮ ይጮኻል። በክፍሉና በአዳራሹ ግድግዳ መካከል ክንድ ተኩል ክፍተት ተውኩ። ሽቦው በዚያ ያልፋል። መብራቱ በየሰዓቱ ደብዘዝ፣ ፈካ ማለት አለበት፤ ሠራተኛ ስለሌለን እዚያ ተቀምጬ የምቆጣጠረው እኔው ነኝ። አናጢም፣ መብራትም፣ ዘበኛም።

ዕቃዎቹ መምጣት ጀመሩ። አንድ እግር ጫማ። የመላጫ መስታወት። ቁልፉ የጠፋ ሻንጣ። አንድ አዛውንት የሚስታቸውን ምርኩዝ አምጥተው «እጀታውን አትንኩብኝ፣ የእጇ ወዝ አለበት» አሉ። በጨርቅ ይዤ አስቀመጥኩላቸው። አንጀቴን በሉት።

ሰው ይህን ሁሉ ቤቱ አስቀምጦ ነው የሚኖረው? በየመንገዱ ስናልፍ ደህና የምንመስለው…

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

ግማሽ ቀን ሠርቼ ገባሁ። የትንሿ ክፍል በር ክፍት ነው።

ሌባ መሰለኝ። ገባሁ። አልጋው የለም። እግሮቹ የቆሙበት ወለሉ ላይ አራት ጎድጓዳ ምልክት ቀርቷል። ልብሶቿ ተጣጥፈው ጥግ ላይ። መጋረጃው እንዳለ።

ሚስቴ ወጥ ቤት ሽንኩርት ትከትፋለች።

«አልጋው የት ሄደ?»

«ሰጠሁት።» ቀና አላለችም።

«ለማን?»

«ለእናንተ። ለአዳራሹ። ማስታወቂያ ለጥፋችሁ የለ?»

«ሳትነግሪኝ?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር?»

ምን እላት ነበር? አሰብኩ። «እሺ ነበር የምልሽ» አልኩ።

«እኮ» አለች። መክተፏን ቀጠለች።

አልጋውን የሠራሁት እኔ ነኝ። አራት ዓመት ሲሞላት። ራስጌው ላይ መደርደሪያ አለው፣ ከሥሩ ሁለት መሳቢያ። ማዕዘኖቹን ሁሉ አድበልብያቸዋለሁ፤ ስትሮጥ እንዳትጋጭ።

ልጃችን ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ጻፍኩት። ከሞተች ወዲህ ስለሷ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ስናገርም ቢሆን።

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

አልጋው አዳራሹ መሃል ተፈታትቶ ተደርድሯል። መነጽሯ ከጎኑ ቆማ ራሷን ታካለች።

«ብሎኖቹ ተደበላልቀዋል። ትገጥመዋለህ?»

ገጠምኩት። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ዓይኔን ጨፍኜም እገጥመዋለሁ።

«ንድፉን ሳታይ?» አለች ተገርማ።

«አልጋ ሁሉ አንድ ነው።» ከዚያ፣ ሳላስበው፣ «የማን ነው?» አልኳት። ምን አስጠየቀኝ?

«የአንዲት እናት። ልጇ ሞታባታለች።»

«አባትስ የላትም?»

መነጽሯን በሸሚዟ ጠረገች። «ስለ አባት አልነገረችኝም።»

ሽማግሌው ከበሩ ቆሞ ይሰማል። እሱ ያውቃል። ለቅሶ ደርሶኛል፣ ቤቴን ያውቃል። መሥሪያ ክፍሌ ድረስ ተከተለኝ።

«ፈቅደሃል?»

«አዎ» አልኩ።

«ሌላ ሰው መብራቱን ይያዝልህ?»

«ማን አለ?»

ማንም የለም። ትከሻዬን ያዝ አድርጎኝ ሄደ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 23

ዛሬ ተከፈተ።

ሚስቴ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ከለበሰችው… አላስታውስም። አጠገቤ አለፈች። ራሷን ዝቅ አደረገችልኝ፣ እንደምናውቃቸው ሰዎች። አልጋው አጠገብ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

እኔ ከግድግዳው ጀርባ። አንድ ወንበር፣ አንድ ማብሪያ፣ ጨለማ። ከኮምፔንሳቶው ወዲያ እሷ፣ ወዲህ እኔ። እጄን ብዘረጋ ጀርባዋን የምነካ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ተመልካች ሳል ያለበት ሰውዬ ነው። «ማን ነበረች?» አላት።

«ልጄ ናት» አለች። «በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ለፍላፌ ነበር የምንላት። ጠዋት ዓይኗ ሳይገለጥ አፏ ይጀምራል። ጎረቤታችን ግድግዳ ወዲያ ሲያስነጥስ በግድግዳው ‹ይማርህ!› ትላለች። እሱም ‹ያኑርሽ!› ይላታል። ተያይተው እንኳ አያውቁም ነበር።»

ሳቀች።

ሚስቴ ሳቀች። ክው ብዬ ቀረሁ። መብራቱን ማደብዘዝ ረሳሁ፤ መነጽሯ መጥታ ግድግዳውን አንኳኳች።

ለፍላፌ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያ ቃል ቤታችን ውስጥ አልተነሳም። እኔ ሐዘኗን የማነሳባት መስሎኝ… እሷ የምታነሳብኝ መስሏት? ለማታውቀው ሳል ያለበት ሰውዬ ተነገረው።

ቤት ስገባ እራት ቀርቧል። «እንዴት ዋልክ?» «ደህና። አንቺስ?» «ደህና።»

እሑድ፣ ጥቅምት 25

ዛሬም ሄደች። ብዙ ሰው አለ። ወረፋ ሆነ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 27

የላስቲኳ ልጅ ዛሬ ልትታፈን ነበር። ቀደዱላት። ተመልካቹ የትርዒቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። ሽማግሌው ሲነግረኝ ሳቅኩ፣ ከዚያ ለምን እንደሳቅኩ ግራ ገባኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 29

ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ጥዬ ነው የምውለው። ሌባ መሆኔን አውቃለሁ። የራሴን ልጅ ወሬ የምሰርቅ ሌባ።

ብዙ የማላውቀው አለ። አንዳንድ ቃላት ትጠላ ነበር አለች። «እርጥብ» የሚል ቃል ትጠላ ነበር፣ «ጉንፋን» ደግሞ ትወድ ነበር፣ ሲባል ደስ ይላል ብላ። ሌሊት ውኃ ስትጠጣ ግማሹን ለነገ ትላለች።

ዛሬ አንዲት ልጃገረድ «ምን ትፈራ ነበር?» አለቻት።

«መጋዝ» አለች ሚስቴ። «አባቷ አናጢ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መሥሪያ ቤቱ ይዟት ይሄዳል። ጆሮዋን በጥጥ ደፍና ነው የምትሄደው። ጥጡን በፀጉሯ ትሸፍነዋለች፣ እሱ እንዳያየው። ‹እንዳትነግሪው፣ ይከፋዋል› አለችኝ። አልነገርኩትም።»

እኔ ደስ የሚላት ይመስለኝ ነበር።

መጋዙን ሳስነሳ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ ትላለች። ትዝ ይለኛል። ደስታ ነው ብዬ… በየቅዳሜው። አራት ዓመት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 1

ዛሬ መጋዝ አላስነሳሁም። በእጅ መጋዝ ቆረጥኩ። ክንዴ ዛለ። ለማን ነው አሁን?

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

እንደምትደርስ አውቅ ነበር፣ ይህቺ ጥያቄ።

በድምጿ ትልቅ ሴት የምትመስል ናት። «ምን ሆና ነው የሞተችው፣ እህቴ?» አለች።

«ሆዷን አሟት። ትርፍ አንጀት ነው አሉ በኋላ።»

«አልወሰዳችኋትም?»

ጆሮዬን ከግድግዳው ጋር አጣበቅኩ።

«ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ አባቷ ጋ ደወልኩ። ሥራ ላይ ነበር። ‹ይህቺን ጨርሼ እመጣለሁ፣ ራሴ እወስዳታለሁ፣ ጠብቂኝ› አለኝ። ጠበቅኩት። አሥር ሰዓት ላይ መጣ።»

«አምስት ሰዓት ሙሉ!»

«አምስት ሰዓት ሙሉ። በመሃል ሕመሙ ተዋት። ደስ አለኝ። ሲፈነዳ እንደዚያ ይተዋል አሉ ሐኪሞቹ። አላወቅኩም። ፀጉሯን ስሠራላት ነበር።»

ሴትየዋ ከንፈሯን መጠጠች። «ኧረ እግዚኦ…»

ሌላ አልጠየቀችም። እኔም ሌላ አልሰማሁም። የአንዱን ሽቦ ሽፋን በጥፍሬ ልጬዋለሁ፣ ኋላ ነው ያየሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ትናንት ያልጻፍኩት። ልጻፈው።

ያን ቀን ደረጃ ነበር የምሠራው። ለአንድ ትርዒት። ወደ የትም የማይወጣ ደረጃ፣ አሥራ አንድ እርከን፣ ጫፉ ባዶ። ማንም ሊረግጠው አልነበረም። ለዓይን ብቻ። ሽማግሌው «ሂድ፣ ሌላ ሰው ይጨርሰዋል» አላለኝም፣ ምክንያቱም አልነገርኩትም። የደወለችልኝን ለማንም አልነገርኩም። «የሆድ ሕመም ነው፣ ያልፋል» አልኩ በልቤ። ሰባተኛው እርከን ሚዛኑን አልጠበቀም፣ ሁለቴ ፈታሁት። ሁለቴ!

ስደርስ ፀጉሯ ተሠርቶ ቁጭ ብላለች። «አባዬ፣ ቆየህ» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም፣ ያቺ ለፍላፊ። ፊቷ አመድ መስሏል።

ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን…» አለ። አልጨረሰውም። በአራተኛው ቀን አረፈች።

ይህ ነው። ለሚስቴ አልነገርኳትም። «አጠፋሁ» አላልኩም። የምታውቀውን ምን እነግራታለሁ እያልኩ። ሦስት ዓመት በዚህች ሰበብ ኖርኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ዛሬ ገባሁ። እንደ ተመልካች።

መብራቱን ሽማግሌው ያዘልኝ። ምንም አልጠየቀኝም። እጄን ታጠብኩ፣ ሸሚዝ ቀየርኩ። ትኬት ቆራጯ ፊት ቆምኩ።

«ትኬት ስጪኝ።»

«አንተ?»

«እኔ።»

«ጤና ነህ?»

«ስጪኝ።»

ቀድዳ ሰጠችኝ። ወረፋ ያዝኩ። ከፊቴ ሦስት ሰው። የሠራሁትን በር ከውጭ ሳየው ጠባብ ነው።

ተራዬ ደረሰ። ቀና አለች። አየችኝ። ፊቷ ላይ አንድ ነገር መጣና ሄደ፣ እንደ ወፍ ጥላ።

«ጥያቄ አለዎት?» አለች።

እርስዎ አለችኝ። አሥራ አምስት ዓመት በትዳር።

«አለኝ» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። «አባትየው… ወዲያው ቢመጣ ኖሮ ትተርፍ ነበር?»

«ሐኪሙ እንደዚያ ነው ያለው።»

«እርስዎስ?»

አንቱ አልኳት እኔም። እንዴት ቀለለኝ! ለማላውቃት ሴት የማወራ ያህል።

«እኔ ራሴ አቅፌያት መውጣት ነበረብኝ» አለች። «መንገዱን አላጣውም። ጠብቂ ስላለኝ ጠበቅኩ። ይህን ለራሴ ይቅር አላልኩም።»

«እሱንስ? ይቅር ይሉታል?»

አልጋው ላይ ያለውን አንሶላ አስተካከለች። የተስተካከለ ነበር።

«ጠይቆኝ አያውቅም።»

«ቢጠይቅዎትስ?»

«ሦስት ዓመት ጠበቅኩት። በር ሲከፍት ዛሬ ይናገራል እላለሁ። ጫማውን ያወልቃል፣ እጁን ይታጠባል፣ ይበላል። ነገ ይናገራል እላለሁ። አንድ ቀን ሰሃን እያጠብኩ መጠበቅ እንደተውኩ አወቅኩ። መቼ እንደተውኩት ግን አላውቅም።»

«አሁን ቢጠይቅ…»

«አሁን የምሰጠው የለኝም።» በቁጣ አይደለም። ሱቅ ውስጥ «አልቋል» እንደሚባለው።

ከኋላዬ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሌላ ጥያቄ አለዎት?»

«የለኝም።»

«እናመሰግናለን» አለችኝ።

ወጣሁ። መሥሪያ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። «ቢጠይቅ» ነው ያልኩት። ስለ ሌላ ሰው እንደማወራ። ይቅር በይኝ ማለት ሁለት ቃል ነው። ፊቷ ቆሜ፣ ትኬት ይዤ፣ ሁለት ቃል አቃተኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ምሳ ላይ ቤት ነበርን ሁለታችንም። ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ።

«ጨው አነሰው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ።

ጨው አመጣችልኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

የቲያትሩ ተዋንያን ጨረሱና ሄዱ። ሠዓሊው ግድግዳውን ለመጨረሻ ጊዜ ነጭ ቀባው። ሄጄ አየሁት። ቀለሙ በየቀኑ ሲደራረብ ወፍሯል፣ ጣቴን ስጭነው ትንሽ ይለመጣል። ከሥሩ ከሃያ በላይ ሥዕል አለ አሉ። አንዱም አይታይም።

ይኼኛው ገባኝ። ባይገባኝ ይሻል ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 19

መነጽሯ ደስታ በደስታ ሆና መጣች። ሥራዋን ሌላ ከተማ ያለ አዳራሽ ፈልጎታል። ስድስት ወር ያሳየዋል። ዕቃ ሰጪዎቹን አንድ በአንድ ጠይቃለች። አብዛኞቹ ዕቃቸውን መልሰው ይወስዳሉ። ባለ ምርኩዙ አዛውንት «እሷ መንገድ አትወድም» ብለው እምቢ አሉ።

«የአልጋዋ ሴት ግን አብራኝ ትሄዳለች!» አለችኝ። «እዚያ እህት አለቻት። አልጋው ከሌለ ሥራው ሥራ አይሆንም። የጉዞ ሳጥን ትሠራልኛለህ?»

እጄ ላይ ሜትር ነበር። ጠቀለልኩት። ዘረጋሁት። ጠቀለልኩት።

«እሠራለሁ» አልኩ።

ከሌላ ሰው አፍ ነው የሰማሁት፣ የሚስቴን መሄድ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

«ልትሄጂ ነው አሉ» አልኳት።

«አዎ።»

«ለስድስት ወር?»

«እሱን እንጃ።» ልብስ ታጥፋለች። «እህቴ ክፍል አላት። እዚህ…» ዙሪያዋን አየች። ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ እኔን። «እዚህ ስሆን ስለሷ ማውራት አልችልም። እዚያ አልጋው አጠገብ ስቀመጥ ነው አፌ የሚፈታው።»

«እኔ ጋ ብታወሪ…»

«ሞከርኩ እኮ» አለች። «መጀመሪያ አካባቢ። አታስታውስም? ‹ተይው› አልከኝ።»

አላስታውስም። አለማስታወሴ ከሁሉ ባሰብኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 24

ሳጥኑን ጨረስኩ። ውስጡን በስፖንጅ ደፈንኩ፣ ለእያንዳንዱ እግር ቦታ አለው። ከሠራሁት ሁሉ ጥሩ ሥራ ነው። እንደዚህ ጥሩ አድርጌ መሥራቴ ምን ይባላል? ሚስቴን የሚወስድ ሳጥን።

ሽማግሌው አጠገቤ ቆሞ አየው። «ለምን ለመነጽሯ አልነገርካትም፣ አልጋው ያንተ መሆኑን?»

«ምን ብዬ ልንገራት?»

የሳጥኑን ክዳን ከፍቶ ዘጋው። «እሱስ ልክ ነህ» አለ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 27

ሄደች። ጠዋት ሦስት ሰዓት።

አልጋውን እኔና ሾፌሩ ጫንን። መነጽሯ ጨበጠችኝ፣ አመሰገነችኝ፣ አሁንም አታውቅም። ሚስቴ ከፊት ወንበር ልትገባ ስትል ቆመች። ልትናገር ነው ብዬ ወደሷ ተጠጋሁ።

«ሳጥኑን በደንብ ነው የሠራኸው» አለች።

«ስፖንጅ አድርጌበታለሁ» አልኩ።

«አየሁት።»

መኪናው ሄደ። ስፖንጅ! ሌላ ቃል አጥቼ።

እሑድ፣ ኅዳር 30

ምንም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 3

ክፍሉን መፍታት ጀመርኩ። የሚቀጥለው ወር ለሕፃናት የሥዕል ትምህርት አዳራሹ ይፈለጋል። በሩን ነቀልኩ፣ ሁለቱን ግድግዳ አወረድኩ።

ረፋዱ ላይ አንድ ሰው ገባ። ጎልማሳ፣ ኮቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሏል።

«አለቀ እንዴ? እህቴ ነግራኝ ነበር የመጣሁት። አልጋ አለ ብላኝ።»

«ከሄደ ሳምንት ሆነው።»

«ኤዲያ።» የቆመውን ግድግዳ ዞሮ አየው። «ልጅቷ ሆዷን አሟት ሞተች አለችኝ። ታሪኩን እሷም በቅጡ አልሰማችውም፤ ሰው ብዙ ነበር አለች። አንተ ሰምተኸዋል?»

ድሪሉን አስቀመጥኩት።

«ሰምቼዋለሁ» አልኩ። ከዚያ ነገርኩት። ለፍላፌ እንደምትባል። ጎረቤት ሲያስነጥስ ምን እንደምትል። መጋዝ ትፈራ እንደነበር፣ ጥጡን የት እንደምትደብቅ። ስለ ስልኩ። ስለ ደረጃው፣ ወደ የትም ስለማይወጣው። ሰባተኛውን እርከን ሁለቴ መፍታቴን። አምስቱን ሰዓት።

መሃል ላይ «ፈታሁት» ስል ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝ። «አባቷ ነህ?»

«ነኝ።»

«…እና አንተ ነህ የዘገየኸው።»

«እኔ ነኝ።»

ኮቱን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ። «እግዜር ያጽናህ» አለ፣ ወጣ። በሩ ላይ አንዴ ዞሮ አየኝ።

ለቅሶ የሚመጣ መሰለኝ። አልመጣም። መናገር የሚያቃልል ነገር አለው ይላሉ። የለውም። ውኃ ጠጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ደወለች። ከሄደች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

«እዚህ ይበርዳል» አለች። «ወፍራሙን ሹራቤን ላክልኝ።»

«የቱን?»

«አረንጓዴውን።»

«እልካለሁ።» ልትዘጋ ነው። «ስሚ… ዛሬ ለአንድ ሰው ነገርኩት።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። መዘግየቴን። እኔ መሆኔን።»

ከኋላዋ የሰዎች ድምፅ ይሰማል፣ ወንበር ሲጎተት።

«ለማን?»

«ለማላውቀው ሰው።»

የቀረውን ግድግዳ ተደገፍኩ።

«ይቅር በይኝ» አልኩ። ወጣልኝ። በስልክ፣ ከፈረሰ ግድግዳ መሃል።

ስትተነፍስ ሰማኋት።

«እሺ» አለች። ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። እሷም የገባት አይመስለኝም። «ሰው እየጠበቀኝ ነው። ሹራቡን አትርሳ።»

«አልረሳም።»

ዘጋች። ስልኩን ይዤ ቆየሁ። ከዚያ ሦስተኛውን ግድግዳ መፍታት ጀመርኩ።